ስሙ አንድ፣ ሰውየው ሌላ፦ የፎረንሲክ ሳይንስ ምስክርነት ከካርቱም እስከ ፓሌርሞ

ግንቦት 16 ቀን 2008 ዓ.ም. የሱዳን የጸጥታ ኃይሎች በካርቱም አንድ ወጣት ኤርትራዊ በቁጥጥር ሥር አዋሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወጣቱ በአውሮፕላን ተጭኖ ሮም ደረሰ። የጣሊያን ዐቃብያነ ሕግና የብሪታኒያ ብሔራዊ የወንጀል መከላከል ኤጀንሲ የተያዘው ሰው «ጄኔራሉ» በሚል ቅጽል የሚታወቀው መድኃኔ ይሕደጎ መረድ መሆኑን አስታወቁ። መረድ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን በሰሃራ በረሃና በሜድትራኒያን ባሕር አሻግሯል ተብሎ ለዓመታት ሲፈለግ የቆየ የሰዎች አዘዋዋሪ ነው።

ዜናው በተሰማ በሰዓታት ውስጥ መረድን በአካል የሚያውቁ ስደተኞች የተያዘው ሰው ሌላ መሆኑን መናገር ጀመሩ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የትውልድ አገራቸውና የመጀመሪያ ስማቸው ብቻ ነበር። ከካርቱም የተወሰደው መድኃኔ አናጺ እንደሆነና በስሙ የቀረበው ወንጀል እንደማይመለከተው ቢያስረዳም፣ የፓሌርሞ ፍርድ ቤት እስኪሰማው ድረስ ከሦስት ዓመት በላይ በእስር ቆየ።

ጉዳዩ በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙና ከቀንዱ የተሰደዱ በርካታ ቤተሰቦች በቅርብ የተከታተሉት ነበር። የፎረንሲክ ሳይንስ ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደማይችል በአንድ መዝገብ ውስጥ አሳይቷል። የተራቀቀ መሣሪያ ብቻውን እውነትን አያወጣም። ያልታወቀው ናሙና የሚነጻጸርበት በእርግጠኝነት የታወቀ ሌላ ናሙና ያስፈልገዋል። ይህ በሌለበት መሣሪያው ዝም ይላል፣ አለዚያም ያሳስታል።

ስልኩ፣ ድምፁና ደሙ

መርማሪዎቹን ወደ ካርቱም የመራቸው የስልክ ክትትል ነበር። መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. በላምፔዱሳ ደሴት አቅራቢያ አንዲት የስደተኞች ጀልባ ሰጥማ ቢያንስ 366 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ከዚያ አደጋ በኋላ የፓሌርሞ ዐቃብያነ ሕግ የአዘዋዋሪዎችን መረብ ለመበጠስ በርካታ የስልክ ንግግሮችን አስጠለፉ። ይሁን እንጂ የስልክ ምልክት መሣሪያው የት እንዳለ እንጂ መሣሪያውን የያዘው ማን እንደሆነ አይናገርም። በስደት መንገድ ላይ ደግሞ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል፤ የአንዱ ዘመድ የሌላውን ደላላ ቁጥር መያዙም የተለመደ ነው።

ቀጥሎ ድምፅ ተመረመረ። ቀደም ሲል የተቀዳው የአዘዋዋሪው ንግግር ከተከሳሹ ድምፅ ጋር እንዲነጻጸር ባለሙያ ተመደበ። እንዲህ ያለው ሶፍትዌር የሁለት ድምፆችን መመሳሰል የሚመዝነው ያንን ቋንቋ ከሚናገሩ የብዙ ሰዎች ድምፅ አንጻር ነው። ሁለት ድምፆች ይመሳሰላሉ ለማለት በዚያ ቋንቋ ተናጋሪዎች ዘንድ ያ መመሳሰል ምን ያህል ተራ ወይም ብርቅ እንደሆነ መታወቅ አለበትና። ጥቅም ላይ የዋለው ሶፍትዌር ግን ለትግርኛ የተዘጋጀ የድምፅ ክምችት አልነበረውም። ባለሙያው የግብፅ ዓረብኛን በምትኩ ተጠቀመ። ውጤቱም ወደ አንድ ወገን የሚያደላ ሳይሆን ቀረ።

የጉዳዩን ገጽታ ከለወጡት ማስረጃዎች መካከል ዋነኛው የዲኤንኤ ምርመራ ነበር። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የታሳሪው እናት ከኤርትራ ወደ ፓሌርሞ ተጉዘው ናሙና ሰጡ፤ ምርመራውም ታሳሪው የእርሳቸው ልጅ መሆኑን አሳየ። በሌላ በኩል የአዘዋዋሪው የመረድ ባለቤት ከልጃቸው ጋር በስዊድን ትኖር ነበር። ከሕፃኑ የተገኘው ናሙና ከታሳሪው ጋር ሲነጻጸር የአባትና የልጅ ዝምድና አልተገኘም። አንደኛው ንጽጽር ታሳሪው ማን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ ማን እንዳልሆነ መለሰ።

ሐምሌ 5 ቀን 2011 ዓ.ም. የፓሌርሞ ፍርድ ቤት የማንነት ስሕተት መፈጸሙን አረጋገጠ። ወጣቱ ከዋናው ክስ እጅግ ባነሰ፣ በሕገ ወጥ ፍልሰት መተባበር በሚል ጥፋት 5 ዓመት ቢፈረድበትም፣ በእስር ያሳለፈው ጊዜ ታስቦለት ተለቀቀ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ትክክለኛው ተፈላጊ በዚያ ችሎት ፊት አልቆመም። የተሳሳተ ሰው መታሰሩ ሁለት በደል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ንጹሑ ይጎዳል፣ አጥፊውም የሚፈልገው ያጣል።

ንጽጽሩ እንዴት ይሠራል?

የብሪታኒያው የዘረመል ተመራማሪ አሌክ ጄፍሪስ በሌስተር ዩኒቨርሲቲ የዲኤንኤ አሻራን ያገኙት እ.አ.አ. በመስከረም 1984 ነበር። የሰው ልጆች ዲኤንኤ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። በተወሰኑ ሥፍራዎች ግን አጫጭር ቅደም ተከተሎች ይደጋገማሉ፤ የድግግሞሹ ቁጥር ከሰው ሰው ይለያያል። ላቦራቶሪዎች እነዚህን ሥፍራዎች ለይተው ይቆጥራሉ። በአሜሪካ ብሔራዊ የመረጃ ቋት ውስጥ እ.አ.አ. ከ2017 ጀምሮ 20 ዋና ዋና ሥፍራዎች ይመረመራሉ። ሁሉም ሲገጥሙ፣ መንትያ ካልሆነ በቀር፣ ናሙናው የሌላ ሰው የመሆኑ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው።

ለዝምድና ምርመራ መሠረት የሆነው ደግሞ የውርስ ሥርዓት ነው። ልጅ በእያንዳንዱ ሥፍራ አንዱን ቁጥር ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ ይወርሳል። አባት ነው የተባለው ሰው በበርካታ ሥፍራዎች ለልጁ ሊያወርስ የሚችለው ቁጥር ከሌለው አባትነቱ ይወድቃል። ለፓሌርሞው መዝገብ መልስ የሰጠው ይኸው ቀላል ስሌት ነው።

የዲኤንኤ ማስረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በወንጀል ምርመራ ላይ ሲውልም ቀድሞ ያዳነው ንጹሕ ሰውን ነበር። እ.አ.አ. በ1983 እና በ1986 በእንግሊዝ ሌስተርሻየር ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተገደሉ። አንድ የ17 ዓመት ወጣት ሁለተኛውን ግድያ እንደፈጸመ ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ። የጄፍሪስ ምርመራ ግን ሁለቱንም ወንጀሎች የፈጸመው አንድ ሰው መሆኑን፣ ያም ሰው ወጣቱ እንዳልሆነ አሳየ። በአካባቢው ከሚኖሩ 5 ሺህ ገደማ ወንዶች ናሙና ተወሰደ። ጥፋተኛው በስሙ ሌላ ሰው ናሙና እንዲሰጥለት አድርጎ አመለጠ። ማታለሉ የተጋለጠው በላቦራቶሪ ሳይሆን ናሙናውን የሰጠው ሰው ለባልደረቦቹ በማውራቱ ነበር። እ.አ.አ. በ1987 ተያዘ፤ በቀጣዩ ዓመት ተፈረደበት።

ሳይንስ የሚሳሳትበት ቦታ

ላቦራቶሪ የሚያየው የቀረበለትን ነው። እ.አ.አ. በ2007 በጀርመኗ ሃይልብሮን ከተማ አንዲት ፖሊስ ስትገደል በሥፍራው የአንዲት ሴት ዲኤንኤ ተገኘ። ያው ዲኤንኤ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ከ40 ባላነሱ የወንጀል ሥፍራዎች መታየቱ መርማሪዎችን አስደነገጠ። ፖሊስ ለዓመታት ያልታየችውን ሴት አሳደደ። እ.አ.አ. በ2009 ግን ወንጀለኛ የተባለችው ሴት ለናሙና መውሰጃ የሚያገለግለውን ጥጥ በሚያመርተው ድርጅት የምትሠራ ሠራተኛ መሆኗ ታወቀ። ጥጡ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ዲኤንኤዋን ይዞ ነበር።

የጣት አሻራም ከዚህ አያመልጥም። እ.አ.አ. መጋቢት 2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ከ190 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በአንድ ከረጢት ላይ የተገኘውን አሻራ በኦሬጎን ከሚኖር ጠበቃ ጋር አገናኝቶ ሰውየውን አሠረ። የስፔን ፖሊስ አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን ሲያረጋግጥ ጠበቃው ተለቀቀ፤ ቢሮውም ይቅርታ ጠየቀ። እ.አ.አ. በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ባወጣው ሪፖርት፣ ከዲኤንኤ ምርመራ በስተቀር አንድን ማስረጃ ከአንድ የተወሰነ ሰው ጋር በከፍተኛ እርግጠኝነትና በወጥነት ማገናኘት እንደሚችል በጥብቅ ጥናት የተረጋገጠለት የፎረንሲክ ዘዴ እንደሌለ አስታውቋል።

ስለዚህ ፍርድ ቤቶች ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ማስረጃው የተጓዘበትን መንገድም ይጠይቃሉ። ናሙናውን ማን አነሣው? በምን ታሸገ? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ተላለፈ? የመረመረው ባለሙያ የሚፈለገውን መልስ አስቀድሞ ያውቅ ነበር? ሌላ ባለሙያ ሊደግመው ይችላል? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ እጅግ ዘመናዊው መሣሪያ እንኳ የሰውን ግምት በቁጥር ከመሸፈን አያልፍም።

ከአፈርሳታ እስከ አጥንት ምርመራ

ኢትዮጵያ ወንጀለኛን የመለየት የራሷ የቆየ ሥርዓት ነበራት። በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ የአካባቢው ሰው በአንድ ሥፍራ ተሰብስቦ አጥፊው እስኪጠቆም ድረስ ይቆይ ነበር። በሌባሻይ ደግሞ መድኃኒት የተሰጠው ልጅ እየተመራ ይሄድና የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። አፈርሳታ ማኅበረሰቡ የሚያውቀውን ያወጣ ስለነበር ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ጥቆማ ከቂም፣ የልጁም እግር ከመሪው ፍላጎት የሚለይበት መንገድ አልነበረም። የተጠቆመው ሰው ንጹሕነቱን የሚያሳይበት፣ ከሰው ፈቃድ ውጭ የሆነ ማስረጃ አላገኘም።

እንዲህ ያለው ማስረጃ በኢትዮጵያ በስፋት የታየው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የደርግ ባለሥልጣናትን ሲመረምር የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድንን ጋበዘ። ቡድኑ እ.አ.አ. በ1984 የተቋቋመው በአርጀንቲና ወታደራዊ አገዛዝ ዘመን የጠፉ ሰዎችን አጽም ለመለየት ነው። በዚያች አገር አያቶች ከወላጆቻቸው ተነጥቀው ለሌላ የተሰጡ የልጅ ልጆቻቸውን ሲፈልጉ፣ ወላጆቹ በሕይወት ስለሌሉ የአያት ደም ለንጽጽር የሚበቃበት ስሌት በባለሙያዎች ተዘጋጅቷል። እስካሁን ከ130 በላይ የልጅ ልጆች ማንነታቸው ተረጋግጧል።

በአዲስ አበባ ኮተቤ በተገኘ የጅምላ መቃብር ቡድኑ በአጽሞች አንገት ላይ የናይሎን ገመድ አገኘ። ገመዱ በአንገት ላይ እንዳለ መገኘቱ፣ ከአገዛዙ መዛግብት ጋር ተዳምሮ፣ ሰዎቹ በውጊያ ወይም በበሽታ ሳይሆን በእስር ሳሉ ታንቀው መገደላቸውን አመለከተ። ዛሬ በመስቀል አደባባይ በሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከጅምላ መቃብሮች የወጡ አጽሞች ይታያሉ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ሲከሰከስ 157 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። አብዛኞቹ ቤተሰቦች አስከሬን ማየት አልቻሉም። ኢንተርፖል ያስተባበራቸው የልዩ ልዩ አገራት ባለሙያዎች በጣት አሻራና በዲኤንኤ የ157ቱንም ሟቾች ማንነት ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ለይተዋል። ይህ የተቻለው የተሳፋሪዎች ዝርዝር በመኖሩና ቤተሰቦቻቸው ተገኝተው ናሙና በመስጠታቸው ነው።

ዝርዝር በሌለበት ከተማ

ካርቱም ያለችበት ሁኔታ ከዚህ ተቃራኒ ነው። አል-ማንሺያ ከጣና የሚነሣው ዓባይ ወደ ነጭ ዓባይ ከመቀላቀሉ በፊት በስተምዕራብ ዳርቻው የሚያልፋት የካርቱም ሠፈር ናት። በስሟ የሚጠራው ድልድይ ከተማዋን ከምሥራቅ ዓባይ አካባቢ ጋር ያገናኛል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከመቀስቀሱ በፊት በዚህ የከተማዋ ክፍል፣ በተለይም በአጎራባቹ ጅሬፍ፣ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖሩ ነበር። የሱዳን ጦር የአል-ማንሺያን ድልድይ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ከፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ አስለቀቀ። ነዋሪዎች ሲመለሱ በየግቢው፣ በየመንገዱ ዳርና በየመስጊዱ ቅጥር የተቆፈሩ መቃብሮች ጠበቋቸው። በተኩስ ምክንያት ወደ መካነ መቃብር መድረስ ያልቻሉ ቤተሰቦችና ጎረቤቶች ሟቾችን በሞቱበት አቅራቢያ ቀብረዋቸው ነበር። የአገሪቱ የፎረንሲክ ሕክምና ባለሥልጣናት እነዚህን አስከሬኖች አውጥተው ወደ መደበኛ መካነ መቃብር የማዛወር ሥራ ጀመሩ።

የካርቱም ችግር ግን ከጦርነቱ ይቀድማል። ግንቦት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. በጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰልፈኞች በኃይል ሲበተኑ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የሱዳን ሐኪሞች ኮሚቴ አስታውቋል። አስከሬኖች ከወንዙ ወጥተዋል፤ ደብዛቸው የጠፋም አሉ። በ2013 ዓ.ም. ከአል-ተማዩዝ ሆስፒታል አስከሬን ማቆያ የወጣው ጠረን የአካባቢውን ነዋሪዎች ለተቃውሞ አስነሣ፤ በማቆያው የተከማቹ አስከሬኖች ፈርሰው ነበር። በካርቱም ማቆያዎች ያሉ ማንነታቸው ያልተለየ በሺዎች የሚቆጠሩ አስከሬኖች እንዲቀበሩ ሲታቀድም፣ የጠፉ ሰዎች ቤተሰቦች ገለልተኛ ምርመራ ሳይደረግ ማስረጃው ከአፈር በታች እንዳይገባ ጠየቁ።

አንድ መቃብር በአግባቡ ሲከፈት የሚጀመረው በዲኤንኤ አይደለም። የአጽሙ አቀማመጥ ይመዘገባል፣ ፎቶ ይነሣል። የዳሌ አጥንት ጾታን፣ ጥርስና የአጥንት ዕድገት ዕድሜን፣ የጭን አጥንት ርዝመት ቁመትን ይጠቁማሉ። ጥይት የራስ ቅልን ሲበሳ በገባበት በኩል ውጭው ጠባብ፣ ውስጡ ሰፊ የሆነ ቀዳዳ ይተዋል፤ በወጣበት በኩል ደግሞ ይገለበጣል። ሟቹ ከፊት ይሁን ከኋላ መመታቱን አጥንቱ የሚናገረው በዚህ ነው። መቃብሩ በጥድፊያና ያለ መዝገብ ከተቆፈረ ይህ ሁሉ በአንድ ጀንበር ይጠፋል። ሙቀት ዲኤንኤን ስለሚያፈርስ እንደ ካርቱም ባለ ቆላ ከተማ ናሙናው ከጥርስ፣ ከጭን አጥንት ወይም ከጆሮ ጀርባ ካለው ጠንካራ አጥንት መወሰዱ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

መዘግየት ለጤና አደጋ፣ መቸኮል ለፍትሕ ጉዳት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ እያንዳንዱን አስከሬን በተናጠልና በቁጥር መቅበር፣ ከእያንዳንዱም ናሙና ወስዶ ማስቀመጥ ነው። ላቦራቶሪ ዛሬ ባይኖር ነገ ሊኖር ይችላል። በጅምላ ተደባልቆ የተቀበረ አጽም ግን ሁለተኛ ዕድል አያገኝም።

ናሙና የሚሰጠው ማን ነው?

እንዲያም ሆኖ ከአጽሙ የተወሰደው ዲኤንኤ ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው በሕያዋን ዘንድ ነው። የካርቱም ነዋሪዎች ወደ ግብፅ፣ ወደ ቻድ፣ ወደ ደቡብ ሱዳንና ወደ ኢትዮጵያ ተበትነዋል። ፈቃድና መታወቂያ ሳይኖራቸው በከተማዋ ይኖሩ የነበሩ ስደተኞች ደግሞ ከመጀመሪያውም በየትኛውም መዝገብ ላይ አልነበሩም። የእነርሱ እናቶች በጎንደር፣ በመቀሌ፣ በአስመራ ወይም በገጠር መንደር ሆነው የልጃቸውን ስልክ ይጠብቃሉ። ልጃቸው ካርቱም ይሙት አይሙት የማያውቁ ወላጆችን ማንም ናሙና ሊጠይቃቸው አልመጣም።

እንዲህ ያለው ሥራ እንደሚቻል ጣሊያን አሳይታለች። በሚላኖ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ክሪስቲና ካታኔዮ የሚመራው የፎረንሲክ ላቦራቶሪ በላምፔዱሳ አቅራቢያ የሰጠሙትን ስደተኞች ከዘመዶቻቸው ጋር ማነጻጸር ጀመረ። ቤተሰቦች ፎቶግራፍ፣ የጥርስ ብሩሽና ሌላም የሟቹን ዕቃ ይዘው ቀረቡ። ባለሙያዎቹ ካገኟቸው ነገሮች መካከል አንድ ወጣት በልብሱ ውስጥ የያዘው የአገሩ አፈር ይገኝበታል። ሟቾቹ ስም አልባ የሆኑት ስም ስላልነበራቸው ሳይሆን የሚጠይቃቸው ባለመኖሩ እንደነበር ላቦራቶሪው አሳይቷል።

ዘመዳቸው የጠፋባቸው ቤተሰቦች ከዛሬ ጀምሮ ሊያስቀምጧቸው የሚገቡ ነገሮች ቀላል ናቸው። ጥርስ በግልጽ የሚታይበት ፈገግ ያለ ፎቶግራፍ፣ የስብራት ወይም የቀዶ ሕክምና ማስረጃ፣ የራጅ ፊልም፣ ሰውየው ብቻውን የተጠቀመበት ብሩሽ ወይም ምላጭ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለበት ቀንና ቦታ ለንጽጽር ይረዳሉ። ለዲኤንኤ የሚመረጡት እናት፣ አባትና ልጆች ናቸው፤ እነርሱ ከሌሉ ወንድምና እኅት። በዕድሜ የገፉ ወላጆች ናሙና ሳይሰጡ ከሞቱ አብሯቸው የሚቀበረው የልጃቸው ማንነት ጭምር ነው። የቀይ መስቀል ማኅበራት የጠፉ ሰዎችን የማፈላለግ አገልግሎት በኢትዮጵያም በሱዳንም ጥያቄ ይቀበላል።

የፓሌርሞው ፍርድ የተገኘው እናት ከኤርትራ ተነሥተው ጣሊያን ድረስ መድረስ በመቻላቸው ነው። በአል-ማንሺያና በአካባቢዋ ከየግቢው እየወጡ ቁጥር የሚሰጣቸው አጽሞች የሚጠብቁት ይህንኑ ነው፤ ቁጥሩን ወደ ስም፣ ስሙንም ወደ ክስ መዝገብ የሚቀይር፣ በሌላ አገር ያለ አንድ ሕያው ዘመድ።